ጡሃ እና የእንቁራሪቷ ሻንሲ

የጡሃ ለቅሶ ቤት የደረስኩት ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ነው። ዜናውን በስልክ ስሰማ ቀብሩ አልፎ ነበር፤ ከከሚሴ እስከ ባቲ ያለውን መንገድ በሚኒባስ ስሄድ ምን ብዬ እንደማለቅስ ሳስብ ነበር። ስደርስ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማልቀስ አይደለም፤ ጫማ መቁጠር ነው። ከድንኳኑ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ሸራ ጫማ፣ ኮንጎ፣ የቢሮ ሠራተኛ የተወለወለ ጫማ፣ ከጨፋ የመጡ ገበሬዎች ጭቃ የያዘ ጫማ ተደርድሯል። ስልሳ ጥንድ ላይ ስደርስ ተውኩት። እኔ ስሞት ይህን ያህል ጫማ ይመጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሰው በሥራ ባልደረባው ለቅሶ ላይ ይህን ያስባል? እኔ አስቤያለሁ። ሰባት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ከሰባቱ ዓመት ያልቀናሁበት ቀን ቢኖር የዒድ ቀን ነው፤ ጋራዡ ይዘጋ ነበርና።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ደግሞ የባሰ ጠበቀኝ። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው እሱ ይል የነበረውን ነው። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ሙሰብሃቸውን እየቆጠሩ፣ ጡሃ ብረት ቂመኛ ነው ይል ነበር ብለው ጀመሩ። ያቺን አባባል ከማንም በፊት የሰማኋት እኔ ነኝ። ከሚሴ፣ ሐጂ ሙሄ ጋራዥ ውስጥ፣ የጭነት መኪና አካል እየበየድን ነው የሰማኋት። ብረትን አንድ ጎኑን ብቻ ካሞቅከው ያን ጊዜ ዝም ይልሃል፤ ሲበርድ ግን ተጣሞ ይከፍልሃል ማለቱ ነበር። አሁን ባቲ ድረስ መጥታ ከሽማግሌው አፍ ስትወጣ የራሴን ዕቃ በሰው እጅ ያየሁ ያህል ከነከነኝ። እንዲያውም ሽማግሌው ግማሹን አጣመው ነው የተናገሩት። ላርማቸው ፈልጌ ነበር፤ ደግነቱ አፌን ያዝኩ።

ስለዚህ ደጉን ሌላው ያውራ። እኔ የማውቀውን ላውራ።

ጡሃ አጭርና ቀጭን ሰው ነበር። ሲናገር መጀመሪያ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ቃሉን ከዚያ ፈልጎ የሚያወጣ ይመስል። የተወለደው ጨፋ ነው። ብየዳን የተማረው የገበሬ ጋሪና ማረሻ ከሚጠግን አጎቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ከፊደል አንዱንም አይለይም፤ ቁጥር ግን ያውቃል። አንዳንድ ቀን የአንድ ሰው አፍ ሦስት ቋንቋ እንዴት እንደሚከፋፈል ለማየት ብቻ እሰማው ነበር። ሲሳደብ በአማርኛ ነው፤ ዱዓ ሲያደርግ በአረብኛ ነው፤ ሲቆጥር ግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ። ኤሌክትሮድ ከካርቶን ሲያወጣ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ ነው። አማርኛ እያወራ ቁጥር ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ወደዚያ ይሻገራል።

እኔ የመጣሁት ከኮምቦልቻ ነው፤ ከሙያ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ይዤ። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ሰላምታና ስንት ነው። ሰርተፍኬቴን ለሐጂ ሙሄ ሳሳይ ጡሃ እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣና፣ በጥንቃቄ ጠርዙን ይዞ አየው። ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህር አለኝ። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ተከተለው። እሱ ከልቡ ነበር፤ እኔ ግን ዓመት ሙሉ ሲያሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር። ወረቀት ላይ ስጽፍ ደግሞ ከትከሻዬ በላይ ቆሞ ያያል። የምጽፈውን ማንበብ የማይችል ሰው ምን ያያል እያልኩ እበሳጭ ነበር። ለሐጂ ሊያሳብቅብኝ የሚሰልለኝ ይመስለኝ ነበር።

ቅናቴ መቼ እንደጀመረ በደንብ አውቃለሁ። አንዲት ባጃጅ መጣች፤ ወደ ግራ ትስባለች። ሁለት ቀን ሙሉ መሪዋን ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ የተማርኩትን ሁሉ ሞከርኩ። ጡሃ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ሲጨቃጨቅብኝ ተነሣና ባልዲ ውሃ አፈር ላይ ደፋ። ሹፌሩን በዚህ ላይ ንዳ አለው። ባጃጇ አለፈች። ጡሃ ጎንበስ ብሎ ሦስቱን የጎማ ፈለግ አየና፣ የኋላውን ግራ ጎማ የሚይዘው ክንድ ታጥፏል አለ። ፈለጉ ላይ ተጽፎ ነበር። ጭቃ ማንበብ የሚችል ሰው ፊደል ባይችል ምን ይጎድልበታል? ሹፌሩ ከዚያ ወዲያ በየሄደበት፣ ጡሃ ሳያየው እንዳትነኩ ይል ጀመር። እኔ እዚያው ቆሜ ነው ይህን የሚለው።

ይህ ሁሉ ግን ከእንቁራሪቷ ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም።

እንቁራሪት የሚል ስም ያወጣላት የከሚሴ ሰው ነው። አንድ ማክሰኞ ረፋድ በጭነት መኪና ተጭና ከባቲ መጣች፤ ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ መብራቶቿ እንደ ዓይን ያበጡ፣ የሰናፍጭ መልክ ያላት አሮጌ የጣልያን ስፖርት መኪና። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ስትወርድ ከባጃጅ ተራ እስከ ገበያው ያለ ሰው ተሰበሰበ። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ፣ ስልሳን ያለፉ የባቲ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። መኪናዋ የሟች ባላቸው ነበረች። ሰውዬው ጨው ነጋዴ ነበሩ፤ ከፀሐይ ልጠብቃት ብለው ዘመኗን ሁሉ ያቆሟት ጨው መጋዘን ውስጥ ነው። ሚስታቸውንም፣ ሴት ስትነዳ ባልተለመደበት ዘመን፣ መንዳት ያስተማሯቸው በእሷ ነበር። ባልየው ሲሞቱ መኪናዋ እዚያው ጨው ውስጥ ቆመች።

አካሏ ደህና ነው። ሞተሯንም ኮምቦልቻ ያለ መካኒክ አስነሥቶታል። ክሪክ አስገብተን ከፍ ስናደርጋት ግን ሻንሲው፣ ያ ሁሉን የሚሸከመው የታች አጥንት፣ በጠመንጃ መፍቻ ስወጋው እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰ። ለእንዲህ ያለ መኪና ሻንሲ የሚሸጥ የለም፤ ከባዶ መሠራት አለበት። ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ሁለት ልጆቻቸው አብረው መጥተው ነበር። ታላቁ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገረን። እናታችን አንድ ጊዜ ትሞከር ብላለች፤ ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ ግን ቃል አስገብተናታል፣ በዚያው የጭነት መኪና ተጭና ወደ ቁርጥራጭ ብረት ትሄዳለች አለ። ወይዘሮ ዘይነባ ቃል መግባታቸውን በአንገታቸው አረጋገጡ፤ ዓይናቸው ግን መኪናዋ ላይ ነበር።

እኔ ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የመኪና አካልና የመስኮት ፍርግርግ ሌላውም ይሠራል፤ ሻንሲ ከባዶ መሥራት ግን ንድፍ ይፈልጋል፣ ስሌት ይፈልጋል፣ ሰርተፍኬት ይፈልጋል። ወረቀት አውጥቼ ወዲያው መንደፍ ጀመርኩ። ሐጂ ሙሄ አየት አደረጉኝ፤ መምህር ይሥራው ሊሉም አፋቸውን ከፍተው ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ ግን ከእኔ ወረቀት አልፈው፣ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ብረቱን በጣቱ ጫፍ እየመታ ወደሚያዳምጠው ሰው ሄዱ።

"ይሆናል ወይ ልጄ?" አሉት።

ጡሃ ወጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ኢንሻአላህ ይሆናል፣ እናቴ። ግን ብቻዬን አልችልም። መምህር ቁጥሩን ይያዝልኝ።"

እንዲህ ነው የእሱ ጸሐፊ ሆኜ የቀረሁት። ንድፌን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ደብተር አወጣሁ።

የመለኪያው ቀን አካሏን በሰንሰለት አንሥተን በእንጨት ላይ አሳረፍነው። የበሰበሰው ሻንሲ ለብቻው ቀረ። ጡሃ ከሥሩ ገብቶ በቱንቢና በሜትር እየለካ ይጮህልኛል፤ እኔ ከላይ ቆሜ እጽፋለሁ። ከጎናችን ግራይንደር ይፈጫል፣ ከውጭ የጭነት መኪና ያናፋል። በግራ በኩል ከፊት መስቀለኛው ብረት የኋላ ጎማውን እስከሚሸከመው ሞላ፣ እስከ ባሌስትራው መያዣ ድረስ ለካና ጮኸ። "ሁለት ሜትር ከስድስት" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ለካ። በዚያ በኩል ሐጂ ሙሄ ቆመው ነበር፤ ሐጂ ኦሮምኛ አይሆንላቸውም፤ ለእሳቸው ብሎ በአማርኛ "ሁለት ሜትር ከስምንት" አለ። ጻፍኩ። አንዱ ስድስት፣ አንዱ ስምንት መሆኑን አላየሁትም አልልም። ያረጀች መኪና አይደለች፣ ጠማማ ብትሆን ምን ይደንቃል ብዬ አለፍኩት። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ለዐስር ሰላት መስጊድ ነበርኩ። ከሰላት በኋላ ጫማዬን ሳደርግ ሁለት የጨፋ ሰዎች አጠገቤ ቆመው፣ ገበያ ያወረዷቸውን ፍየሎች በጣታቸው ይቆጥራሉ። ጀሃ፣ ቶርባ፣ ሰዴት። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሆኖ ቀረሁ። ጡሃ ስድስት አላለም። ሰዴት ነው ያለው። በግራም በቀኝም ስምንት ነበር። በግራይንደሩ ድምፅ ውስጥ የሱን ሰዴት የእኔ ጆሮ ስድስት አድርጎታል።

ሁለት ሴንቲ ሜትር በሰው ዓይን ምንም አይደለም። በመኪና ላይ ግን የኋላ ግራ ጎማ ከቀኙ ሁለት ሴንቲ ቀድሞ ይቆማል ማለት ነው፤ መኪናዋ ጅራቷን ወደ ጎን ጥላ እንደምትሮጥ ውሻ ትሄዳለች። ወደ ጋራዥ እየተመለስኩ ስገባ እነግረዋለሁ አልኩ። ስገባ ጡሃን ሦስት ደንበኛ ከቦት አገኘሁ፤ አንዱም እኔን አላየኝም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ጡሃ የሻንሲውን ሙሉ ሥዕል በትክክለኛ መጠኑ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ይሥል ጀመር። እንደሱ ነው የሚሠራው፤ ወረቀት ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ሲባጎ ወጥሮ። እኔ ከደብተሬ አነብለታለሁ። የግራው መያዣ ላይ ስደርስ ደብተሩን አየሁት። ስድስቷ እዚያ ናት። ላጠፋት እችል ነበር። ስምንት ማለት እችል ነበር። "ሁለት ሜትር ከስድስት" ብዬ አነበብኩ፤ ያውም ከሌላው ቁጥር ሁሉ ጎላ አድርጌ። ጠመኔው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆም አለና ምልክቱን አደረገ።

ሐሳቤ ምን ነበር? እውነቱን ልናገር። መኪናዋ ተጣማ እንድትወጣ ፈልጌ ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ የባጃጅ ሹፌር ጭምር፣ ጡሃም ይሳሳታል እንዴ እንዲል ፈልጌ ነበር። የወይዘሮ ዘይነባ መኪና ለቁርጥራጭ መሄዷን አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ፤ አስቤዋለሁ፤ ብትሄድም ትሂድ ብዬ አልፌዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቱቦላሬው ብረት ሲቆረጥ፣ ሲበየድ፣ ሲሞረድ አጠገቡ ነበርኩ። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ብየዳ ከስህተቱ ላይ ሲደረብ አየሁ። ሻንሲው ግን ያምር ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ብየዳ ሲያበላሽ አላየሁም። ከሁለቱም ጎን ተራ በተራ እያሞቀ፣ በየመሃሉ እያበረደ፣ ብረቱ ቂም እንዳይዝ እንደ ሕፃን ያባብለው ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር ለሙከራው መጡ። አካሉ በአዲሱ ሻንሲ ላይ ገብቷል፤ ሞተሩ ይሠራል። ማን ይንዳ ሲባል ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳንዳላቸውን አውልቀው ገቡ። ሰው ሁሉ ከመንገድ ዳር ቆመ። እንቁራሪቷ ወደ ጨፋ በሚወስደው አስፋልት መቶ ሜትር ያህል ሄደችና ቆመች። ወይዘሮ ዘይነባ ወረዱ።

"ይቺ መኪና ማፈር ጀመረች እንዴ?" አሉ። "ጎኗን ሰጥታ ነው የምትሄድ።"

ልጆቻቸው ሳቁ። ሐጂ ሙሄ ፊታቸው ጠቆረ። ጡሃ ሲባጎውን አውጥቶ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በሁለቱም በኩል ወጠረና ልዩነቱን በጣቱ ለካ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ደብተሩን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ፊደል አያነብም ብያለሁ፤ ቁጥር ግን ያነባል። ገጹን ረጅም ጊዜ አየው። አሁን ያጋልጠኛል አልኩ። ይኸው፣ እንድሪስ የሚባል ባለ ሰርተፍኬት ስምንትን ስድስት ብሎ የሚጽፍ ሊባል ነው።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ስለካ ሰዴት ብዬ ነው የጮኽኩ። ኦሮምኛ ለማይሰማ ሰው በኦሮምኛ የሚጮህ አፍ ነው ጥፋተኛው። መምህር የሰማውን ነው የጻፈ። ሦስት ቀን ስጡኝ፣ እናቴ፤ መያዣውን ቆርጬ አዛውረዋለሁ።"

ታላቁ ልጅ ነገሩን ሊዘጋው ቸኮለ። በምላስ ስህተት በተሠራ ሻንሲ ላይ እናታችንን አናስቀምጥም፣ የጭነት መኪናውም ደጅ ቆሟል፣ ቃልሽን አስታውሺ አላቸው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አልተነፈስኩም። ወይዘሮ ዘይነባ ሳንዳላቸውን እያጠለቁ ሳሉ፣ ቀና ሳይሉ መለሱለት።

"አባትህ መንዳት ሲያስተምረኝ ሦስት ጊዜ ቦይ ውስጥ ከትቼበታለሁ። አንድም ቀን ለቁርጥራጭ ልስጥሽ አላለኝ። ሦስት ቀን ሰጥቼዋለሁ።"

በእነዚያ ሦስት ቀናት ጡሃ መያዣውን ቆርጦ ወደ ቦታው አመጣው። ሲበይድ ግን ማሽኑን ለእኔ ሰጠኝ። አንተ በይደው፣ የአንተ ብየዳ ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነው አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ብየዳ በይጄ አላውቅም። ላብ ይሁን እንባ የማላውቀው ነገር መነጽሬ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኝ ነበር። መኪናዋ በአራተኛው ቀን ቀጥ ብላ ሄደች። ወይዘሮ ዘይነባ በሰኞው የባቲ ገበያ መሐል ለመሐል፣ በግመልና በፍየል መካከል፣ እየነዷት አለፉ።

አሁን የሚመጣውን ስሙኝ። ስሙ ይሰበራል ያልኩት ሰው ስሙ ገነነ። ስህተቱን በአደባባይ የሚናገር በያጅ ከሚሴ አለ ተባለ። ከኮምቦልቻ፣ ከሰንበቴ፣ ሌላው ቀርቶ ከአፋር በረሃ ሰው ይመጣበት ጀመር። ገበሬው ሁሉ፣ እሱ ከሆነ የማይዋሽ ነው ይላል። ሰው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ የሰውን እከክ ወስዶ በራሱ ላይ ለጥፎ የከበረ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ስህተቱ እንኳን የእኔ ነበር። እሱንም ወሰደብኝ።

ዓመት ሳይሞላ ወይዘሮ ዘይነባ ያንን የጨው መጋዘን አስጠርገው ጋራዥ ክፈትበት አሉት። ሄደ። ሲሰናበተኝ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም ጀርባውን መታ መታ አደረግኩ፤ በልቤ ተገላገልኩ እያልኩ ነበር። ሐጂ ሙሄ የጋራዡን ኃላፊነት ለእኔ ሰጡኝ። ለሦስት ዓመት ያህል ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ሲል የመጀመሪያ ጥያቄው ጡሃ የት ሄደ የሚል ነበር።

ዘንድሮ ከረመዳን በኋላ መታመሙን ሰማሁ። ጉበቱ ነው ተባለ፤ ሐኪም ቤት ከርሞ ቤቱ ተመልሷል። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሰውየው ሊሞት ነው፤ ያንን ነገር ሳልነግረው ሊሞት ነው። ወሎ ውስጥ ሰው አፉ፣ ይቅር፣ ሳይባባል አይለያይም፤ እኛ ጋ ትንሽ ልጅም ይህን ያውቃል። እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ባቲ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር።

ጡሃ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ ከሰውነቱ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። አካም ጅርታ መምህር ብሎ ሰላም አለኝና ፈገግ አለ። ስለ ሥራ፣ ስለ ሐጂ፣ ስለ ብረት ዋጋ አወራን። ሚስቱ ሻይ አስቀምጣ ስትወጣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እሱ ግን ቀደመኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር።

"መምህር፣ አንድ ነገር አለብኝ" አለ። "የእንቁራሪቷ ነገር። ወለሉ ላይ ስሥል አንተ ስድስት ብለህ ስታነብ ሰማሁ። ሁለት ጎኗ የማይተካከል መኪና ማን ሠርቶ ያውቃል? እኔ ራሴ ለክቻታለሁ፣ ሰዴት እንደሆነች አውቃለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩ።"

ሻዩን አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ የጠየቅኩት መሰለኝ፤ ወይም ሳልጠይቅ ነገረኝ።

"ቅናት ነው። አንተ ስትጽፍ ከኋላህ ቆሜ ሳይህ ሆዴ ይቃጠል ነበር። ያቺ ስክሪብቶ አንድ ቀን ትሳሳትልኝ ብዬ ስመኝ ኖርኩ፤ ስትሳሳት ደስ አለኝ። በሰው ፊት ላዋርድህ ነበር። በኋላ የሴትዮዋን ፊት ሳይ ፈራሁ፤ አላህን ፈራሁ። ጥፋቱን በእኔ ያደረግኩት ደግነት መስሎህ ይሆናል። ደግነት አይደለም፣ የእኔ ስለነበረ ነው። አንተ ምንም ሳታውቅ ወጥመድ አጠመድኩብህ። አፉ በለኝ።"

ሁለታችንም። አንዱ በደብተር፣ አንዱ በጠመኔ፣ ያንኑ ሁለት ሴንቲ ይዘን፣ እያወቅን፣ ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ቆመን ሠርተናል። ሰባት ዓመት ሙሉ የቀናሁበት ሰው በእኔ ይቀና ነበር። ይህን የሰማ ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ጓደኛውን ያቅፋል። እኔ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። እንደ እኔ ክፉ ነበርክ ለካ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው ሻይ ለመጎንጨት ያህል እንኳን አልቆየም። እሱ ተናግሯል፤ እኔ አልተናገርኩም። አሁንም ቀድሞኛል።

"አፉ ብያለሁ" አልኩት።

"አቲ ሆ?" አለኝ።

አንተስ ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ግራይንደር የለም፤ የጭነት መኪና የለም፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ይህቺን ለመረዳት ደግሞ የገበያ ኦሮምኛዬ ይበቃል። የመናገሪያውን በር ከፍቶልኝ ይጠብቃል። መንገዱን ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

"እኔማ ምን አለብኝ" አልኩት። "የሰማሁትን ጻፍኩ።"

"ዱጋ ነው" አለ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። "አንተ የሰማኸውን ነው የጻፍክ።"

አልሐምዱሊላህ ብሎ ትራሱን አስተካከለና ጋደም አለ። ሚስቱ ገብታ ስታየው ተገረመች። ከወር በላይ ሕመሙ እንዲህ አስተኝቶት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ እጁ ከደረቱ ወርዶ፣ እንደ ሕፃን ተኝቷል። በሳምንቱ ሞተ። በብየዳው ቀንቻለሁ፣ በስሙ ቀንቻለሁ፣ በለቅሶው ቀንቻለሁ። ዛሬ ጋራዡም በእኔ እጅ ነው፣ ደንበኛውም ስለ እሱ መጠየቅ ትቷል፤ እኔ ግን ፍራሼ ላይ ስገላበጥ እስከ ንጋቱ ፈጅር ሰላት የምቀናው በዚያች እንቅልፉ ነው።